ትምህርቱና ምላጩ፤ ስለ ኪኩዩ ልጃገረዶች የተጻፈ አንድ ምዕራፍ ሲመረመር

የጆሞ ኬንያታ መጽሐፍ «ፌሲንግ ማውንት ኬንያ» (በአማርኛ «ፊትን ወደ ኬንያ ተራራ አዙሮ» ብንለው ይስማማዋል) በለንደን ከታተመበት ከ1938 ጀምሮ፥ አንድ አፍሪካዊ የገዛ ወገኑን ልማድ በሥነ ሰብእ ዘዴ መርምሮ ከጻፋቸው መጻሕፍት መካከል ስሙ ቀድሞ ሲጠራ ኖሯል። ደራሲው ያዘጋጁት በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ከፕሮፌሰር ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ ዘንድ ሲማሩ ነው፤ መቅድሙንም የጻፉላቸው እኒሁ መምህራቸው ናቸው። ኢትዮጵያዊ አንባቢም መጽሐፉን ሲገልጥ የባዕድ ሥራ እንደሚገልጥ ሆኖ አይሰማውም፤ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በተሰናዳችበት በ1935፥ በለንደን ለተቋቋመው የአቢሲንያ አፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር የክብር ጸሓፊ የነበሩት ኬንያታ ናቸውና። ይህ ወዳጅነት ግን ከመመርመር አያግደንም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፥ በተለይ ካልተመለከተ በቀር፥ እንደ ግሪጎርያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉን በሙሉ ለመተቸት አልተነሣሁም። ስለ መሬት ይዞታና ስለ አገዛዝ የተጻፉትን ምዕራፎች ሌሎች ሊቃውንት በሰፊው መርምረዋቸዋል። እኔ የምመለከተው ስለ ወንዶችና ስለ ሴቶች ልጆች ግርዛት የተጻፈውን ስድስተኛውን ምዕራፍና፥ ከእርሱ ቀጥሎ ስለ ወጣቶች የፍቅር ኑሮ የሚናገረውን ነው። በውጭ አገር ስማር ይህ መጽሐፍ በግዴታ ከምናነባቸው አንዱ ነበር፤ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ በደረስን ጊዜ ግን መምህሩ ጥቂት ቃል ተናግረው ወደ ጋብቻው ምዕራፍ ተሻገሩ። የነቀፈውም የደገፈውም አልነበረም። ዛሬ እኔም በተራዬ ሳስተምር፥ ተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ያንኑ የታለፈውን ምዕራፍ ነው። ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። የአንድ ነባር ሕዝብ ሴት ስለ ገላዋ ማን ያስተምራት? በገላዋስ ላይ የመወሰን መብት የማን ነው? ስለዚህ ጉዳይ በየጉባኤው የሚከራከሩት ሁለቱም ወገኖች፥ ልማድ አይነካ የሚሉትም ልማድ ሁሉ ጉዳት ነው የሚሉትም፥ ዐውቀውት ይሁን ሳያውቁት በዚህ ምዕራፍ ላይ ቆመው ይናገራሉ።

ምዕራፉ የተጻፈበትን ጠብ ሳያስታውሱ ማንበብ አይቻልም። በ1929 በኪኩዩ አገር የነበረው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን፥ በዶክተር ጆን አርተር መሪነት፥ የሴቶችን ግርዛት የሚክዱ መሆናቸውን ምእመናኑና መምህራኑ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ እንዲያረጋግጡ ጠየቀ። አሻራቸውን የሰጡት «ኪሮሬ» ተባሉ። ብዙዎች ግን እምቢ ብለው ከቤተ ክርስቲያንም ከትምህርት ቤትም ወጡ፤ ሚሲዮኑን የሚዘልፈው «ሙቲሪጉ» የተባለው ዘፈን አገሩን ሞላ፤ መንግሥትም በ1930 ከለከለው። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሳያስተምሩ አልቀሩም፤ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ነጻ ትምህርት ቤቶች አቆሙ። የመሬቱ ቅሚያ በዚህ ሁሉ ሥር ነበረ። መሬቱን የወሰደው ነጭ አሁን ደግሞ በሴት ልጃችን ገላ ላይ ሊያዝ መጣ የሚል ስሜት ሕዝቡን አንድ አደረገው። ኬንያታም በዚሁ ዘመን የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር ዋና ጸሓፊ ስለ ነበሩ፥ ምዕራፉን የጻፉት ከዳር ሆነው እንደሚመለከቱ ሊቅ ብቻ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ወገን ጠበቃም ነው።

የጠበቃው ክርክር እንዲህ ነው። «ኢሩዋ» የሚባለው ሥርዐት ወንዱንም ሴቲቱንም ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት የሚያሻግር ነው። ሥርዐቱን ያልፈጸመ ሰው በሸንጎ አይቆጠርም፤ ያልተገረዘችን ሴት የሚያገባ የኪኩዩ ሰው አይገኝም። በአንድ ዓመት የተገረዙት ሁሉ አንድ የእድሜ ጓድ ይሆናሉ፤ ጓዱም በዚያ ዓመት በሆነው ነገር ይሰየማል፤ ስለዚህ ጽሕፈት ያልነበረው ሕዝብ ታሪኩን የሚቈጥረው በእነዚህ ስሞች ነው። (ከስሞቹ አንዱ «ጋቴጎ» ይባላል፤ ቂጥኝ ማለት ነው። በሽታው ከአውሮፓውያን ጋር ወደ አገሩ በገባበት ዘመን የተገረዙት የሚጠሩበት ስም ነው። የአባለ ዘር በሽታ በሕዝብ ዘመን መቍጠሪያ ውስጥ ተመዝግቦ መገኘቱን የሕክምና ታሪክ ጸሓፊዎች ቢያስተውሉት ደግ ነበር።) በሥርዐቱ ጊዜ ልጆቹ ስለ ሕግ፥ ስለ ሃይማኖት፥ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ገላቸውና ስለ ልጅ መውለድ ይማራሉ። እንግዲህ መቍረጡ የዚህ ሁሉ ማኅተም ነውና፥ መቍረጡን መሻር ሥርዐቱን በሙሉ መሻር ነው ይላሉ ኬንያታ። የምዕራፉ ክብደት ሁሉ ያረፈው በዚህ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

ከመንቀፌ በፊት የምዕራፉን ብልጫ ልናገር። ኬንያታ የገላን ክፍል በስሙ ይጠሩታል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ የሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ የኪኩዩውን ቃል ሳያፍሩ አስቀምጠዋል። እኛ ዘንድ ይህን ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ገና ከመጀመሪያው ቃል ይቸገራል። የአማርኛ ጸሓፊ በጨዋ ደንብ ሊጽፍ ሲያስብ የሚያገኘው «ሐፍረተ ሥጋ» የሚለውን ነው። ሴት ልጅ ስለ ገላዋ የምትማርበት ቃል ራሱ ከትምህርቱ አስቀድሞ ማፈርን ያስተምራታል፤ ሌላው ቃል ደግሞ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። በእውነተኛ ስሙ ያልተጠራ ነገር ሲታመም ለሐኪም፥ ሲደፈር ለዳኛ ሊነገር እንዴት ይቻላል? በዚህ ረገድ የኪኩዩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከእኛ ይልቅ ነጻ ነበሩ፤ ኬንያታም ይህን ነጻነት አልደበቁትም።

ነቀፌታዬ ከምስክሩ ይጀምራል። ኬንያታ በመቅድማቸው የሚመኩት ስለ ሕዝቡ የሚናገሩት ከውስጥ በመሆኑ ነው፤ እርሳቸውም ሥርዐቱን ያለፉ ናቸው። ስለ ወንዶቹ ሲናገሩ ይህ ትምክሕት ተገቢ ነው። ስለ ሴቶቹ ግን ራሱ መጽሐፉ የሚለውን እንስማ፦ ልጃገረዶቹ በሚገረዙበት ቦታ ወንድ አይቀርብም፤ አጮልቆም ሲያይ ቢያዝ በብርቱ ይቀጣል። እንዲህ ከሆነ ኬንያታ ልጃገረዶቹ ንጋት ላይ ገላቸው እንዲደነዝዝ በቀዝቃዛ ወንዝ መታጠባቸውን፥ የገራዧን እጅ ፍጥነት፥ ቍስሉ ላይ የሚፈሰውን በቅጠል የተቀመመ ወተት እንዴት ዐወቁ? ከሴቶች ሰምተው መሆን አለበት። የሰሙት ከማን ነው? ከእናታቸው ወይስ ከገራዧ? ወይስ የተገረዘችው ራሷ ናት የነገረቻቸው? አልተገለጸም። ስለ መሬት በሚናገረው ምዕራፍ እገሌ ከእገሌ ገዛ እያሉ የሚያስረዱት ደራሲ፥ እዚህ ላይ ሲደርሱ አንዲትም ሴት በአፏ አታናግሩም። ገራዧን በለንደን የታወቁ ሐኪሞች ከሚሠሩበት መንገድ ቀዶ ሐኪም ጋር ማመሳሰላቸውም ከጠበቃ አንደበት የወጣ እንጂ ካየ ሰው የተገኘ አይደለም። ቍስሉ አመርቅዞ የሞተች፥ በወሊድ ጊዜ የተቸገረች፥ ደሟ ያልቆመ የአንዲት ልጅ ታሪክ በምዕራፉ ውስጥ አልተተረከም። በ1965 የታተመው የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «ዘ ሪቨር ቢትዊን» የተባለው ልብ ወለድ ይህን ጕድለት ሞልቶታል ማለት ይቻላል፤ በዚያ መጽሐፍ የሰባኪው ልጅ ሙቶኒ ክርስቲያንም የወገኗም ሴት ልሁን ብላ ተገርዛ በቍስሏ ትሞታለች። ንጉጊም የኪኩዩ ተወላጅ ነበሩ። የሥነ ሰብእ መጽሐፍ የዘለለውን ልብ ወለድ ሲናገረው ማየት ለሙያችን የሚያኮራ አይደለም።

ሰባተኛው ምዕራፍ የተሻለ ነው፤ ይልቁንም ከዘመኑ የቀደመ ነው ብል አላጋነንሁም። ሥርዐቱን ያለፉ ወጣቶች «ንግዌኮ» በሚባለው ልማድ፥ በእድሜ ጓዳቸው ሕግ ተጠብቀው፥ ከሙሉ ግንኙነት በመለስ ባለ ፍቅር ይተዋወቁ ነበር። ልጃገረዷ የምትታጠቀው የቆዳ ሽርጥ ወሰኑን ያስጠብቃል። ወሰኑን የጣሰ ወንድ ከጓዶቹ ይወገዛል፤ ያስረገዘም እንደ ሆነ በሽማግሌዎች ፊት ይቀጣል። ሚሲዮናውያን ይህን ኀጢአት ነው ብለው ከለከሉት። ኬንያታም ክልከላው ያመጣው ንጽሕናን ሳይሆን ያልተጠበቀ እርግዝናን ነው ብለው ይከራከራሉ። ዛሬ ስለ ወጣቶች ጤና ትምህርት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቢያነቡ፥ እርግዝናን የመከላከል ዕውቀት ከመድኀኒት ቤት ጋር የመጣ አለመሆኑን ይረዱ ነበር። የሴቲቱ ፈቃድ ምን ያህል ይጠየቅ እንደ ነበር ግን እዚህም የምንሰማው ከወንድ አፍ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ዐረፍተ ነገር ልመለስ። መቍረጡ ሲሻር ሥርዐቱ በሙሉ ይሻራል፤ ትምህርቱና ምላጩ አይነጣጠሉም። ይህ በእምነት የሚወሰድ አይደለም፤ በታሪክ ሊፈተን የሚችል ነገር ነው። ተፈትኗልም፤ የተፈተነውም ከኪኩዩ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ተመሳሳይ ሥርዐት ባላቸው በሜሩ ሕዝብ ዘንድ ነው።

አሜሪካዊቱ የታሪክ ተመራማሪ ሊን ቶማስ በ2003 በታተመው «ፖለቲክስ ኦፍ ዘ ዉም» በተባለው መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፥ በሜሩ የሴት ልጅ ግርዛት የሚፈጸመው ለጋብቻ በተቃረበችበት ጊዜ ነበር። ሳይገረዙ ማርገዝ ትልቅ ነውር ስለ ነበረ እንዲህ ያለው እርግዝና በማስወረድ ይደመሰስ ነበር። የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት የሕዝቡ ቍጥር እንዳይቀንስ በመስጋት ማስወረድን ሊያጠፉ ፈለጉ። ያገኙትም መላ የሚያስደንቅ ነው፤ ልጆቹ ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ አስቀድመው እንዲገረዙ አስገደዱ። ሚሲዮኑ በደቡብ ምላጩን ሲያወግዝ፥ ያው መንግሥት በሰሜን ምላጩን ያጣድፍ ነበር ማለት ነው። ውጤቱ ለእኛ ጥያቄ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ሥርዐቱ ከጋብቻ ተለይቶ ወደ ሕፃንነት ሲወርድ፥ ስለ ባልና ስለ ወሊድ የሚሰጠው ትምህርት ሰሚ አጣ፤ ለትንሽ ልጅ የሚነገር አልነበረምና። ምላጩ ግን በቦታው ቆየ። ስለዚህ ኬንያታ አይለያዩም ያሏቸው ሁለቱ ነገሮች፥ ገና መጽሐፋቸው ሳይታተም፥ በጎረቤት አገር መለያየት ጀምረው ነበር፤ የተለያዩትም እርሳቸው በፈሩት አኳኋን ሳይሆን በተቃራኒው ነው። የጠፋው ትምህርቱ ነው፤ የቀረው መቍረጡ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ክልከላን ብቻ ተስፋ የሚያደርጉትን የሚያስደነግጥ ነው። በ1956፥ በማው ማው ጦርነት ዘመን፥ «ንጁሪ ንቸኬ» የተባለው የሜሩ ሽማግሌዎች ሸንጎ በሹማምንቱ ግፊት የሴቶችን ግርዛት ከለከለ። ሽማግሌዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ሹማምንቱም ወንዶች ናቸው፤ ከሴቶቹ የተጠየቀ አልነበረም። ልጃገረዶቹ ምላጭ ከሱቅ ገዝተው ወደ ጫካ ወጡ፤ እርስ በርሳቸውም ተገራረዙ። ስማቸው «ንጋይታና» ተባለ፤ «ራሴን እገርዛለሁ» ማለት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ክልከላውን በመጣስ በአገሬው ፍርድ ቤቶች የተከሰሱት ልጃገረዶች፥ ወንዶችና ሴቶች ከ2,400 በላይ ነበሩ። በዚህ ጊዜ አዋላጅና ገራዥ አሮጊት የለችም፤ ዘፈን የለም፤ መካሪ የለም። ባዶ ምላጭ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ሁለቱንም ወገን ለመንቀፍ ይገደዳል። ልጃገረዶቹ የሌላ ሰው መጫወቻ አልነበሩም፤ ፈቃድና ድፍረት ነበራቸው። ያንን ድፍረት ግን ስለ ገላቸው ምንም ሳያውቁ በገላቸው ላይ አዋሉት፤ ዕውቀቱን ከእነርሱ የወሰዱት ደግሞ በስማቸው የሚከራከሩት ትላልቅ ሰዎች ናቸው። ለሴቲቱ መብት የሚቆም ሰው ስለ ዕውቀቷ ዝም ካለ፥ መብቷ በእጇ የተቀመጠ ምላጭ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ኬንያታ ራሳቸው አገሪቱን ከ1963 እስከ ሞቱበት እስከ 1978 ሲመሩ ይህን ልማድ የሚከለክል ሕግ አልወጣም። ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ በ1982 በአደባባይ አወገዙት፤ በ2001 የወጣው የልጆች ሕግ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ከለከለ፤ በ2011 ደግሞ ለሁሉም የሚከለክል ራሱን የቻለ ሕግ ወጣ።

ትምህርቱ ያለ ምላጭ ይኖራልን? ለዚህም መልስ አለ። በ1996 ከሜሩ ወገን በሆነችው በታራካ፥ ጋቱንጋ በተባለ ስፍራ፥ «ማእንደሌዎ ያ ዋናዋኬ» የተባለው የኬንያ ሴቶች ማኅበር ፓዝ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ ከአካባቢው እናቶች ጋር ሲመክር ከቆየ በኋላ፥ ሠላሳ ያህል ቤተ ሰቦች ሴቶች ልጆቻቸውን ሳይቈርጡ ሥርዐቱን ለመፈጸም ተስማሙ። ልጃገረዶቹ እንደ ጥንቱ ለአንድ ሳምንት ተለይተው ተቀመጡ። ስለ ገላቸው፥ ስለ ወር አበባ፥ ስለ እርግዝና፥ ስለ አባለ ዘር በሽታ፥ ደግሞም ስለ ወገናቸው ደንብና ስለ ማክበር ተማሩ። በመጨረሻው ቀን በዘፈንና በስጦታ ወደ አደባባይ ወጡ። ስሙን «ንታኒራ ና ሙጋምቦ» አሉት፤ «በቃል መገረዝ» ማለት ነው። እናቶቹ ስሙን አለመለወጣቸውን እንመልከት፤ «መገረዝ» የሚለውን ቃል ይዘው ምላጩን አስቀሩ። የኬንያታ ዐረፍተ ነገር በእኔ አስተያየት የወደቀው በዚያ ሳምንት ነው። የጣሉትም የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን ወይም የለንደን ሊቃውንት አልነበሩም፤ በመጽሐፉ ውስጥ አፋቸው የተዘጋው ሴቶች ናቸው።

ይህን ስል የታራካው ዘዴ ለሁሉ ይሆናል ማለቴ አይደለም። በኋላ የተደረገ ምርመራ እንዳመለከተው፥ ሥርዐቱ ፍሬ የሰጠው አስቀድሞ በመንደሩ ረጅም ምክክር በተደረገበት ስፍራ ነው፤ ምክክር በሌለበት ግን ልጂቱ በዓሉን አክብራ ወደ ቤት ስትመለስ ምላጭ ሊጠብቃት ይችላል። ደግሞም ዘዴው የሚስማማው የአደባባይ ሥርዐትና ትምህርት ለነበራቸው ሕዝቦች ነው። በኪሲ ብዙ ወላጆች ከሥርዐቱ ይልቅ ነርስ ጠርተው በቤታቸው ማስቈረጥን መርጠዋል፤ እዚህ ላይ የሐኪም ጓንት ለምላጩ አዲስ ክብር ሰጠው እንጂ አላስቀረውም። የ2011ን ሕግ የተቃወሙ አንዲት ሐኪም ዐዋቂ ሴት በገላዋ ላይ የመወሰን መብት አላት ብለው ያቀረቡትን አቤቱታ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2021 ውድቅ አድርጎታል። ፍርዱን እደግፋለሁ፤ ያልተገረዘችው በምትዋረድበት መንደር የሚሰጥ ፈቃድ ነጻ ፈቃድ ነው ማለት አስቸጋሪ ነውና። ቢሆንም የንጋይታና ጥያቄ በሕግ አንቀጽ ብቻ ተመልሷል ብዬ አላምንም። በአገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች መካከል የተገረዙት በ1998 ከመቶ 38፥ በ2022 ከመቶ 15 መሆናቸው ተመዝግቧል። ለዚህ ሕግ፥ ቤተ ክርስቲያን፥ ትምህርት ቤትና የእናቶች ምክር እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደ ረዱ ቍጥሩ ብቻውን አይነግረንም።

ስለ ራሳችን ጥቂት ልጨምር፤ የኬንያታን ክርክር በአገራችን ሲጠቅሱ የሰማኋቸው ሰዎች አሉና። በሰሜኑ ደጋ ሴት ልጅ በአብዛኛው የምትገረዘው በተወለደች በቀናት ውስጥ ነው። ያልተገረዘች ልጅ ዕቃ ትሰብራለች ይባላል፤ ከዚህ አባባል በቀር ለሕፃኒቱ የሚሰጥ ትምህርት የለም፤ ሊኖርም አይችልም። እንግዲህ በዚያ አገር ልማዱን «ባህላዊ ትምህርት ነው» ብሎ መከላከል ባዶ ነው፤ የሚሻር ትምህርት የለምና። በከምባታ ግን ሴት ልጅ የምትገረዘው ለአቅመ ሔዋን ስትቃረብ ስለ ነበረ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ቦጋለች ገብሬ በ1997 ያቋቋሙት «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለው የሴቶች ማኅበር፥ ሽማግሌውን፥ እናቱን፥ ወጣቱንና ገራዧን በአንድ ሸንጎ አስቀምጦ ለብዙ ጊዜ አወያየ፤ በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። እዚያም የሠራው ክልከላ ብቻ አልነበረም፤ የጋብቻ ክብር ከምላጩ ተነጥሎ በሕዝብ ፊት መታየቱ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 565 እና 566 ግርዛቱ ያስቀጣል። በመላ አገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች የተገረዙት በ2005 ከመቶ 74፥ በ2016 ከመቶ 65 ነበሩ።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የምተወው የሥራ ጥያቄ አለ። ስለ ሕዝቦቻችን የሽግግር ሥርዐት በተማሪዎች የተሰበሰቡትን ብዙ ጽሑፎች አንብቤአለሁ። ስለ ምላጩ፥ ስለ በሬው፥ ስለ ጠላው፥ ስለ ልብሱ ተጽፎባቸዋል። ልጂቱ ተለይታ በተቀመጠችባቸው ቀናት አሮጊቷ ምን አለቻት የሚለው ግን አልፎ አልፎ በአንድ መስመር ይነገራል፤ «ስለ ትዳር ይመከራሉ» ተብሎ ያልፋል። የኪኩዩ ሴቶች ያን ምክር ከማን እንደ ሰሙ ኬንያታ ቢጽፉልን ኖሮ፥ የታራካ እናቶች በ1996 ብዙ ከመነሻው መጀመር ባላስፈለጋቸው። የቃሉ ባለቤቶች ዛሬ በሰማንያ ዓመት እድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ለወንድ ጠያቂ አይናገሩም። ለመስክ ጥናት የምንልካቸው ተማሪዎች ግን በአመዛኙ ወንዶች ናቸው።